268ቱ ያመለጡት እነማን ነበሩ?

«ለወንጀለኛ ይራራል» የሚለው የምርጫ ክስ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ የተፈጠረ ውሸት አይደለም። ጉዱ ያለው እውነቶቹ በተደረደሩበት መንገድ ላይ ነው። የ1988ቱን (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እንይ።

በኦክቶበር መጀመሪያ የሪፐብሊካኑ ዕጩ የጆርጅ ቡሽ ዘመቻ አንድ አጭር የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ለቀቀ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ እስረኞች በሚሽከረከር የብረት በር ገብተው፣ ዞረው ተመልሰው ይወጣሉ። ተራኪው፣ የዴሞክራቶቹ ዕጩና የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ማይክል ዱካኪስ አመክሮ ለማይፈቀድላቸው የአንደኛ ደረጃ ነፍሰ ገዳዮች ከእስር ቤት ወጥተው የሚመለሱበት የቅዳሜና እሁድ ፈቃድ ሰጥተዋል ይላል። ስክሪኑ ላይ «268 አመለጡ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። በፈቃድ ላይ ሳሉ ብዙዎቹ ጠለፋና አስገድዶ መድፈር ፈጽመዋል ሲልም ያክላል።

ጆሮ የሰማውን ዓይን ካነበበው ጋር አጋጥሞ «268 ነፍሰ ገዳይ አመለጠ» ብሎ የሚደምረው ተመልካቹ ራሱ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በቃል ያለው ሰው ስለሌለ ማስተባበሉም ያስቸግራል። 268ቱ በዱካኪስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የሥልጣን ዘመናት በፈቃድ ወጥተው የቀሩ፣ በልዩ ልዩ ወንጀል የታሰሩ ሰዎች ናቸው። ከነሱ ውስጥ አመክሮ የማይፈቀድላቸው ነፍሰ ገዳዮች አራት ብቻ ነበሩ። ከአራቱ ጠልፎ የደፈረው ደግሞ አንድ፦ ዊልያም ሆርተን። «ብዙዎቹ» የተባሉት ይኸው አንድ ሰው ነው።

የሆርተንን ፎቶ ያሳየው ሌላ ማስታወቂያ ነበር። ያንን ያሠራው ከዘመቻው ውጭ የቆመ የቡሽ ደጋፊ ኮሚቴ ስለሆነ፣ ዘመቻው «እኛ የለንበትም» ለማለት ተመቸው። ሆርተን ጥቁር ነው፤ እሱ ጥቃት ያደረሰባቸው ጥንዶች ነጮች ነበሩ። የዘሩን ነገር ፎቶው ጨረሰው፤ ቃል አላስፈለገም።

ዱካኪስስ? የፈቃድ ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1972 በሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ፍራንሲስ ሳርጀንት ዘመን ነው። ይህ ግን ግማሽ መልስ ነው፤ ምክንያቱም በ1976 ነፍሰ ገዳዮችን ከፈቃዱ የሚያስወጣ ሕግ ሲቀርብላቸው አልፈርምም ያሉት ራሳቸው ናቸው። ሆርተን በ1986 ወጥቶ ቀረ፣ በ1987 ሜሪላንድ ውስጥ ወንጀሉን ፈጸመ። «የጀመረው ሌላው ነው» ብሎ የሚከራከር ዕጩ ይህን እምቢታ ሲያነሱበት አፉ ይያዛል።

ጊዜ አጥተውም አልነበረም። የፈቃዱን ጉዳይ በኤፕሪል 1988 ቀድመው ያነሱት የራሳቸው ፓርቲ ተፎካካሪ አል ጎር ነበሩ፤ በዚያው ወር ዱካኪስ ለነፍሰ ገዳዮች ፈቃድ የሚከለክለውን ሕግ ፈርመዋል። በዚያው ሰሞን ተጎጂዎቹን በማስቀደም፣ «ተሳስቻለሁ፣ ዘግቼዋለሁ» ማለት ይቻል ነበር። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ቅድሚያ ቁጥር የሚደረድር ሰው ቀዝቃዛ ሆኖ ይታያል። ይህም ኦክቶበር 13 በክርክሩ መድረክ ታየ። ጋዜጠኛው በርናርድ ሾ ባለቤታቸው ኪቲ ተደፍረው ቢገደሉ የሞት ቅጣትን ይደግፉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ዱካኪስ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ቅጣቱ ወንጀልን እንደሚገታ ማስረጃ አላየሁም፣ በግዛቴ ወንጀል ቀንሷል ብለው መለሱ። ጥያቄው ጭካኔ ነበረበት፤ የተጠየቁት ግን ስለ ባል እንጂ ስለ ፖሊሲ አልነበረም።

ቡሽ 40 ግዛቶችን አሸነፉ። ለሽንፈቱ ይህ ክስ ብቻ ምክንያት ነው ማለት ያስቸግራል፤ ዴሞክራቶቹ ግን ፈርተውት ቀሩ። በጃንዋሪ 1992 ዴሞክራቱ የአርካንሶ አገረ ገዥ ቢል ክሊንተን የፕሬዚዳንትነት ቅስቀሳቸውን አቋርጠው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ፤ አንጎሉ ክፉኛ የተጎዳ እስረኛ የሞት ፍርድ ሲፈጸምበት እዚያው ነበሩ።