የ470 ሚሊዮን ዓመት ገመድ

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዕፅዋት አመጣጥ ላይ ስንደርስ ልጆቹ ይደክማቸዋል፤ የሚያደክማቸው ቁጥሩ ነው። 470 ሚሊዮን ዓመት ለእኔም ጭንቅላት ውስጥ የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ዘንድሮ የቃጫ ገመድ ገዛሁ። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ሴንቲ ሜትር ለ1 ሚሊዮን ዓመት። ዕፅዋት ወደ የብስ ከወጡ 470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ 4 ሜትር ከ70 ቆርጬ ግድግዳው ላይ ወጠርኩት።

ከዚያ ናሙና ፍለጋ ወጣን። ሩቅ አልሄድንም። ከቧንቧው ጀርባ እርጥብ ግንብ ላይ ሳረንስት አገኘን፣ ያ እንደ ምንጣፍ የሚለሰልሰው አረንጓዴ ነገር። ከወንዙ ዳር ፈርን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የወደቀ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ አደይ አበባ። ፈርኑን ገልብጬ ሳሳያቸው ቅጠሉ ከሥሩ በረድፍ በረድፍ ቡናማ ነጥብ ነበረው። አንዷ "ቲቸር፣ ታሞ ነው እንዴ?" አለችኝ። በሽታ አይደለም፤ ፈርን አበባም ዘርም የለውም፣ የሚራባው ከነዚያ ነጥቦች በሚወጣ ስፖር፣ እንደ ዱቄት በደቀቀ የመራቢያ ህዋስ ነው። ቅጠሉን ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝተነው አደረ፣ በነጋታው ስናነሳው ቅርጹ በቡናማ ዱቄት ተስሎ ቀርቷል። ክፍሉ በሙሉ ተነስቶ መጣ።

ናሙናዎቹን ገመዱ ላይ ሰቀልን። ሳረንስት መነሻው ላይ፣ ቀጥሎ ፈርን፣ ቀጥሎ ጥድ፣ ከዚያ አበባ። ያምር ነበር። ግን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ሳረንስት ወደ ፈርን ከተለወጠ ግንቡ ላይ ያለው ለምን ሳይለወጥ ቀረ?" አለ።

ልክ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የሰቀልኩት መሰላል ነው። ግንቡ ላይ ያለው ሳረንስት የአደይ አበባ ቅድመ አያት አይደለም፣ የሩቅ ዘመዷ ነው። የሁለቱም ቅድመ አያት ድሮ ጠፍቷል፤ እነሱ ግን እኩል ዘመን ኖረው ነው ዛሬ የደረሱት።

ማታ ቤት ወስጄ ገመዱን ፈታሁት። መነሻውን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ፣ ከዚያ አንዱ የዕፅዋት ወገን ከሌላው የተለየበት ቦታ ላይ ስደርስ በቀይ ክር እየቋጠርኩ ቃጫውን ከፋፈልኩ። መጀመሪያ የሳረንስት ወገን፣ 400 ሚሊዮን አካባቢ የፈርን፣ ከ300 ሚሊዮን በፊት ደግሞ የጥድ ወገን ወጣ። ሁሉም ግን ጫፋቸው አንድ ቦታ ነው፣ ዛሬ ላይ። ናሙናውንም በሙሉ ወደዚያ ጫፍ አዛወርኩት። (መሞከር የምትፈልጉ መምህራን፣ ናይለን አትግዙ፤ ሲፈታ ቋጠሮው ይንሸራተታል።)

ያኔ ነው ነገሩ የገባቸው። ቋጠሮዎቹ መካከል ምን እንደተፈጠረ ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። የሳረንስት የወንዴ ህዋስ ወደ ሴቴዋ የሚደርሰው ውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው፣ የፈርንም እንደዚያው። ዘር ሲመጣ ግን ጽንሱ ስንቁን ይዞ፣ ልባስ ለብሶ ዝናብ እስኪመጣ መጠበቅ ቻለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ይሄ ነው። አበባን ስንፈልግ በልጆቹ ሜትር ለክተን 3 ሜትር ከ40 ሄድን፣ አንድም አበባ የለም። የሚታወቁት ቅሪቶች የሚጀምሩት ከ130 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው። በቀረችው 1 ሜትር ከ30 ውስጥ ነፍሳት ብናኙን፣ ወፎችና እንስሳት ዘሩን እያመላለሱለት የአበባ ወገን በዛና ዛሬ ከ10 የዕፅዋት ዝርያ 9 ያህሉ የእሱ ሆነ።

መጨረሻ ላይ ቡና መጣ። ቡና ገመዱን አይከፍልም፣ መልሶ ያስራል። የእኛ አረቢካ ሮቡስታ ከምንለው ቡናና ዩጀኒዮይደስ ከሚባል ሌላ የዱር ቡና ተዳቅሎ የተገኘ ነው፤ እነሱ በየህዋሳቸው 22፣ 22 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚሸከም ክር) አላቸው፣ እሱ 44። ይህ የሆነው ከ600 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። በእኛ ገመድ 6 ሚሊ ሜትር። ቋጠሮው ራሱ ከዚያ ስለሚበልጥ ሁለቱን ቃጫ በመርፌ ሰፋኋቸው።

"እርሻስ?" አሉ። 10 ሺህ ዓመት ብንል የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው፣ የፀጉር ውፍረት። አንዷ ልጅ ከሹሩባዋ አንዲት ፀጉር ነቅላ የገመዱ ጫፍ ላይ በማስቲሽ ለጠፈችው። እስካሁን እዚያው አለ።