የመዳብ ካታሊስት ለምትሠሩ፦ የጋዝ ሲሊንደሩን አትዘዙ

ይህን የምጽፈው በሚታይ ብርሃን ካርቦንዳይኦክሳይድን ለመቀየር የመዳብ ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ለምትሠሩ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ነው። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ዱቄቱን መሥራት ቀላል ነው። ኮፐር ሰልፌት፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ግሉኮስ፣ ትንሽ ሙቀት። ሰማያዊው ቀስ እያለ የሸክላ ቀለም ይይዛል፤ ኩፕረስ ኦክሳይድ ማለት እሱ ነው። ባንድ ጋፑ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ጉልበት፣ 2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነ የሚታየው ብርሃን ይበቃዋል። ታጠበ፣ ደረቀ፣ ሪአክተር ገባ፣ መብራቱ በራ። ጂሲው (ጋዞችን ለይቶ የሚያሳየው ጋዝ ክሮማቶግራፍ) ላይ የምንፈልገው ምርት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ታየ።

የላብ ጓደኞቼ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። እኔ ግን ካርቦንዳይኦክሳይዱን አስወጥቼ በአርጎን (ካርቦን በሌለው ጋዝ) ብቻ ደገምኩት። አሁንም ወጣ! ከየት መጣ? ዱቄቱ ላይ ከቀረው የግሉኮስ ቅሪት ነዋ። በ2010 ከኔዘርላንድስ የወጣ ጥናት መዳብ በተጨመረበት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ የካርቦን ቅሪት እንዲህ እንደሚያሳስት አሳይቷል። ዛሬም አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው አለ።

ማረጋገጫው በካርቦን 13 (ከተለመደው ካርቦን 12 ትንሽ በሚከብደው የካርቦን ዓይነት ወይም አይሶቶፕ) የተሠራ ካርቦንዳይኦክሳይድ ማስገባት ነው። ምርቱ በማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውል ክብደት በሚለካው መሣሪያ) ክብደት 29 ላይ ከታየ የመጣው ካስገባችሁት ጋዝ ነው። 28 ላይ ከሆነ ከቅሪቱ ነው። የአየር ናይትሮጂንም 28 ላይ ስለሚመጣ ሪአክተሩ እንዳያፈስ ተጠንቀቁ።

መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ጋዙን በሲሊንደር እዘዙ ይላል። አዘዝን። ዕቃው አገር ሲገባ አንድ መሥሪያ ቤት ያዘው፤ የቱ እንደሆነ ይቅር። ኃላፊው ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ "ይሄማ ለስላሳ ፋብሪካ ሞልቶ የለም እንዴ? ለምን በውጭ ምንዛሪ ይገባል?" አለኝ። አይሶቶፕ ነው ብዬ ሳስረዳ ባሰበት። "አይሶቶፕ ከሆነ ጨረር አለው፤ ደብዳቤ አምጣ።"

ጨረር ያለው ካርቦን 14 ነው እንጂ 13 አይደለም። ከአፋችን ከሚወጣው ትንፋሽ ካርቦን እንኳ 1.1 በመቶ ገደማው 13 ነው። ማን ይስማኝ! ደብዳቤውን ባመጣ ማህተሙ ደብዝዟል ተባለ። ማህተሙ ሲስተካከል ደግሞ የግፊት ዕቃ ስለሆነ ሌላ ሰርተፍኬት። የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል፣ ግዥ ክፍላችን አንድ ስልክ አይደውልም። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መመሪያውን ተዉት። በካርቦን 13 የተሠራ ሶዲየም ባይካርቦኔት እዘዙ። በትንሽ ብልቃጥ የሚመጣ ነጭ ዱቄት ነው፤ ግፊት የለው፣ ምን የለው። በጎን ባለ ብልቃጥ አስቀምጡትና በሲሪንጅ ሰልፈሪክ አሲድ ጠብ አድርጉበት። ጋዙ በቱቦ ወደ ሪአክተሩ ይሄዳል። አሲዱ ካታሊስቱን እንዳይነካ፤ ኩፕረስ ኦክሳይድን ያፈርሰዋል። ሃይድሮክሎሪክማ ስለሚተን አልመክርም።

እኔ በዚህ መንገድ ሠራሁት። ግሉኮሱንም ካርቦን በሌለው ሃይድሮክሲላሚን ቀየርኩት። በአርጎን ምንም አልወጣም፤ በካርቦን 13 ግን 29 ላይ ታየ። መጠኑ ከመጀመሪያው በጣም ያንሳል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጥናቴ ላይ አስገባሁ፤ በዚህ እኮራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩፕረስ ኦክሳይድ ብርሃን ላይ ሲቆይ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ራሱ እየተበላ ነው። መብራቱን ካጠፋችሁ በኋላ ዱቄቱን መልሳችሁ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታሉን ዓይነት በሚለየው ምርመራ) እዩት።