ምንጅላት ስንት ስም ነበራቸው? ከጎጃም የሐረግ ማሰባሰብ የደረስንበት

ሐረግ መሰብሰብ ለጀመራችሁ፦ ብዙ ጊዜ የሚበላው የሰው ብዛት ሳይሆን የስም ብዛት ነው። አንዱን አባት ቤተሰቡ በዓለም ስሙ፣ ካህኑ በክርስትና ስሙ፣ ዘማች ከነበረ ደግሞ አቅራሪው በፈረስ ስሙ ያነሣዋል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ራስ አዳልም አባ ጠናም ናቸው፤ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው ሦስት ዓምድ ይከፈትለት። ተዝካርም ሆነ በብራና ኅዳግ ላይ የሚገኝ ማስታወሻ ብዙውን ጊዜ በክርስትና ስም ነው። ግን በአንድ ደብር ስንት ወልደ ጊዮርጊስ፣ ስንት ወለተ ማርያም አለ! የአባት ስም ወይም የአገር ስም ካልተጨመረበት እርሳስ ብቻ ተጠቀሙ፤ በእስክሪብቶ አታያይዙ።

ቆጠራው ላይ ጥንቃቄ ይበዛል። ጎጃም ውስጥ ሐረግ በቃል የሚያዘው ለርስት ነበር። መሬቱ ከዋና አባት (መጀመሪያ ከያዘው) ወደ ምንዝር አባት (ከእሱ በታች ወዳለው የቅርንጫፍ አባት)፣ በእናትም በአባትም ይወርዳል፤ ፈጁ (የርስተኞቹ ተጠሪ) የሚቆጥረው ለድርሻና ለክርክር ነው። ለክርክር የተያዘ ሐረግ ጥልቅ ቢሆንም ይጎብጣል፦ ዘር ያልተወ ወንድም ይዘለላል፣ መሬት ያላስገኘ ቅርንጫፍ ይጠፋል፣ አንዳንዱም ይቀጠላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ ቆጠራው ሥራ ፈታ። ያኔ 20 ዓመት የነበረው ዛሬ 70 አልፎታል፤ ቅደም ተከተሉን ከእሱ ጀምሩ።

አጠያየቁ እንዲህ ነው። ሽማግሌውን መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች («እገሌ እገሌን ወለደ»)፣ በሌላ ቀን ከታች ወደ ላይ አስቆጥሩት። ሁለቱ በአንድ ትውልድ ከተለያዩ የተዘለለ ሰው አለ። የተለያዩ ቅርንጫፎችን አንድ ላይ አትሰብስቡ፤ ድምፀ ጎላው ሌላውን ያርመዋል፣ እናንተም ልዩነቱን ታጣላችሁ። የጎን ዘመድ የሚታወቀው ከሴት አያቶች ዘንድ ነው፤ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት እነሱ ናቸውና። ከምንጅላት በላይ ያለው መጠሪያ እንደየአገሩ ስለሚለያይ በቁጥር ጻፉት፦ አባት 1፣ አያት 2 እያላችሁ።

ዓመት በክስተት ይያዝ፦ ክፉ ቀን (1880–1884)፣ ዓድዋ (1888)፣ የኅዳር በሽታ (1911)፣ ጣሊያን የገባበት (1928)፣ የወጣበት (1933)፣ የጎጃም ገበሬ አመፅ (1960)። ሰነዱ «ዘመነ ሉቃስ» ካለ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ ነው። ዓድዋ ዮሐንስ ላይ ይውላል። በ1925 የተወለደ ሰው «አባቴ ዓድዋ ዘምቷል» ቢል በ18 ዓመቱ የዘመተው አባት በ55 ዓመቱ ወለደው ማለት ነው። ይቻላል፤ ግን አያትየው እንዳይሆን ደግሞ መጠየቅ ይበጃል።

ለድምፅ ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ አድርጉና በታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከአፍ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ አስቀምጡት። እንጨት ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የስኒው ኮሽታ ሁሉ ይገባል። ክረምት የቆርቆሮ ቤት አይሆንም። ያልታመቀ (WAV) ነጠላ (ሞኖ) ድምፅ በሰዓት 300 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ሁለት ቅጂ በሁለት ቤት ይቀመጥ።

ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ አትላጡት። እርጥበት የፎቶውን የላይኛ ሽፋን መስታወቱ ላይ አጣብቆታል፤ ሲላጥ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ጥቁር ጨርቅ ከኋላችሁ ዘርግታችሁ አንሡት። ነጻ የሆነውን በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉ። ከጀርባው ስም ሲጻፍ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ዘልቆ ይወጣል።

የቀረው መቃብር ነው። ሽማግሌው ቦታውን ሲያሳይ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በሜትር ለኩ፤ ከዛፍ ወይም ከአጥር አትለኩ። ዛፍ ይቆረጣል፣ አጥርም ይሰፋል።