የዘንዶው ድልድይ፦ ሥራው ያለው ከሥሩ ነው

እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ዳርክ ሶልስ፣ ገና በጌሙ መጀመሪያ ላይ፣ ቀይ ዘንዶ የሚጠብቀው ረጅም የድንጋይ ድልድይ አለ። ብዙ ተጫዋች የሚሞተው በቀጥታ ሮጦ ለመሻገር ሲሞክር ነው፤ እሳቱ ወለሉን ጠራርጎ ያልፋል። መላው መሃል ላይ በስተቀኝ ያለው ቁልቁል ደረጃ ነው። ዘንዶው ወታደሮቹን አቃጥሎ እንደጨረሰ ወደዚያ ሩጡ።

ከሥሩ ስትደርሱ መጀመሪያ መሰላሉን ረግጣችሁ ወደ ታች ጣሉት፤ ወደ እሳት ማረፊያው (ተጫዋቹ የሚያርፍበትና ሲሞት የሚነሳበት ቦታ) አቋራጭ ይሆናችኋል። ከዚያ ደጋን አውጡና የተንጠለጠለውን የዘንዶውን ጅራት በደንብ አነጣጥሩ። አጭሩን ደጋን በጌሙ ውስጥ ያለው ነጋዴ በ1,000 ነፍስ (የጌሙ ገንዘብ) ይሸጠዋል፤ ለመጠቀም 7 የጉልበትና 12 የቅልጥፍና ነጥብ ይጠይቃል። ፍላጻ በብዛት ያዙ።

ጅራቱ ሲቆረጥ የዘንዶው ሰይፍ ይገኛል። መነሻ ጉዳቱ 200 ነው፤ ለዚያ ደረጃ እጅግ ብዙ ነው። ጉልበት ብትጨምሩ ግን ሰይፉ አይጠነክርም፣ የሚያድገው በዘንዶ ቅርፊት ነው፤ ስለዚህ ኋላ ላይ ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም። በሁለት እጅ የሚሰነዘረው ከባድ ምት ማዕበል ቢለቅም ሰይፉን ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ባታዘወትሩት እመክራለሁ። ዘንዶው ጅራቱ ሳይቆረጥ ከተገደለ ደግሞ በዚያ ዙር ሰይፉ አይገኝም።