ከክላይፔዳ እስከ ኢንኮ፦ በባልቲክ የጋዝ መስመር ላይ

በሊቱዌኒያዋ የወደብ ከተማ በክላይፔዳ፣ መኪና የሚያሻግረው ጀልባ ላይ ሆኜ ወደ ደቡብ ስመለከት 294 ሜትር የሚረዝመው «ኢንዲፔንደንስ» የተባለው መርከብ ታስሮ ይታያል። ከውጭ የሚመጣ ፈሳሽ ጋዝ ተቀብሎ ወደ ጋዝነት የሚመልስ ተንሳፋፊ ተርሚናል ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2014 እስኪመጣ ድረስ ሊቱዌኒያ ጋዝ የምታስገባው ከሩሲያ ብቻ ነበር። መርከቡ ገና መንገድ ሳይጀምር፣ በዚያው ዓመት የሩሲያው የጋዝ ኩባንያ ጋዝፕሮም ዋጋውን 20 በመቶ ያህል ቀነሰላት። ሌላ ሻጭ እንደሚመጣ መታወቁ ብቻውን በቂ ነበር።

ጋዙ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ ሲሆን የሚይዘው ቦታ ወደ 600 ጊዜ ያንሳል። ጭኖ የመጣው መርከብ ጎን ለጎን ቆሞ ፈሳሹን ያስተላልፋል፤ «ኢንዲፔንደንስ» እስከ 170,000 ሜትር ኩብ ይይዛል። ከዚያ በባሕር ውሃ ሙቀት መልሶ ጋዝ ያደርገውና 18 ኪሎ ሜትር በሚሆን ቧንቧ ወደ አገሪቱ መስመር ይልከዋል። ችግሩ ፈሳሹ ታንክ ውስጥ ተቀምጦም ትንሽ በትንሹ መትነኑ ነው። ስለዚህ ገዢ ኖረም አልኖረም በየቀኑ የተወሰነ ጋዝ መውጣት አለበት። ሊቱዌኒያ ከኖርዌዩ ኩባንያ ስታቶይል ጋር በዓመት 540 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ለመግዛት የተዋዋለችው ተርሚናሉ እንዳይቆም ብላ ነው። ወጪውን ለዓመታት የተሸከመው ሸማቹ ነው፤ በጊዜው ብዙ አጉረመረመ። ኤፕሪል 2022 አገሪቱ የሩሲያን ጋዝ ሙሉ በሙሉ ማስገባት ስታቆም ግን የተከፈለው ገንዘብ ለምን እንደነበር ታየ።

መርከብ ብቻውን ክረምት አያሳልፍም። ለዚህ ወደ ላትቪያ፣ ሲጉልዳ አጠገብ ወዳለው ኢንቹካልንስ መሄድ ያስፈልጋል። ላይ ላዩን የሚታየው ጫካ፣ አጥርና የጉድጓድ አፍ ቫልቮች ናቸው፤ ጋዙ ያለው 700 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ በአሸዋ ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ከ1968 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ለሦስቱ የባልቲክ አገሮችና ለፊንላንድ ያላቸው ብቸኛ የከርሰ ምድር ማከማቻ ነው። ከሚይዘው 4.4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ለሽያጭ የሚወጣው 2.3 ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ግፊት ለመጠበቅ እዚያው ይኖራል። በበጋ ይሞላል፣ በክረምት ይወጣል። ክምችቱ በጎደለ ቁጥር ግፊቱ ስለሚወርድ በቀን የሚወጣው መጠንም ይቀንሳል። እናም የሚያስፈራው ጃንዋሪ ሳይሆን ክምችቱ የሳሳበት፣ ብርዱ ግን ያልለቀቀበት የማርች ሳምንት ነው። «ስንት አለን?» ከማለት ይልቅ «በቀን ስንት ይወጣል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ኢስቶኒያ ውስጥ ፓልዲስኪ አቅራቢያ ቧንቧው ባሕር ይገባል። ባልቲክኮኔክተር ይባላል፤ 77 ኪሎ ሜትር ከባሕር በታች ተጉዞ ፊንላንድ ኢንኮ ላይ ይወጣል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ጋዝ ያስኬዳል። ኦክቶበር 8 ቀን 2023 ሌሊት ግፊቱ በድንገት ወረደ፤ አንድ የጭነት መርከብ የጎተተው መልህቅ ቧንቧውን ቀዶት ነበር። ጥገናው እስከ ኤፕሪል 2024 ወሰደ። በዚያ ክረምት ማንም ጋዝ አጥቶ አልቀዘቀዘም፤ ፊንላንድ በኢንኮ ወደብ «ኤግዘምፕላር» የተባለ ተመሳሳይ መርከብ ከአንድ ዓመት በፊት ተከራይታ ነበርና። ከደቡብ ያሉት ደግሞ ክላይፔዳና ኢንቹካልንስ ነበሯቸው። ሁለቱ መርከቦች በአንድ ወደብ ቢሆኑ ኖሮ የዚያ ክረምት ነገር ሌላ ይሆን ነበር።

የሚቆጨኝ የታሪፉ ጉዳይ ነው። ፊንላንድ፣ ኢስቶኒያና ላትቪያ ከ2020 ጀምሮ በመካከላቸው የድንበር ማለፊያ ክፍያ አንስተዋል። ሊቱዌኒያ ገቢውን እንዴት እንካፈል በሚለው ሳይስማሙ ከዚያ ውጭ ቀረች። ስለዚህ በክላይፔዳ የገባ ጋዝ ኢንቹካልንስ ለመድረስ ኪየመናይ በተባለው ቦታ የላትቪያን ድንበር ሲሻገር ይከፍላል፤ በኢንኮ የገባው ግን ባሕር ተሻግሮም አይከፍልም።