ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ወደ ታች

የቤተ ጊዮርጊስን ሞዴል በካርቶን መሥራት ይቻላል። አራት እኩል ክንድ ያለው መስቀል ቆርጦ፣ ዐሥራ ሁለት ግድግዳ አቁሞ፣ ጣሪያው ላይ ሦስቱን መስቀሎች አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ በኮላ ማጣበቅ ነው። እኔም ልኩን ለማወቅ በካርቶን ነው የጀመርኩት፤ ለዚህ ከካርቶን የሚሻል የለም። ላሊበላ ያለው ሕንፃ ግን አልተገጣጠመም። ግድግዳው፣ ጣሪያውና የቆመበት መደብ ሁሉ አንድ አለት ነው፤ ጠራቢዎቹ ምንም ሳይጨምሩ፣ የማይፈለገውን ብቻ እያነሱ ነው ያወጡት። የካርቶኑ ሞዴል መልኩን ያሳያል፤ አሠራሩን ግን ይደብቃል። ስለዚህ ዋናውን ሞዴል ከአንድ ብሎክ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አንድም ነገር ሳልለጥፍ ለመቅረጽ ወሰንኩ። እንዴት እንደሠራሁትና ሥራው ምን እንዳስተማረኝ ልንገራችሁ።

መጠኑን ለመምረጥ አልተቸገርኩም። ሕንፃው ከአንዱ ክንድ ጫፍ እስከ ሌላው 12 ሜትር ገደማ ነው፤ የጉድጓዱም ጥልቀት ወደ 12 ሜትር ይጠጋል። በ1፡100 ሲሠራ አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ሜትር ይሆናል፤ ስሌት ውስጥ ሳይገቡ በማስመሪያ ብቻ መሄድ ይቻላል። እዚያው ሆኜ ንድፍ ስወስድ በር ላይ የሚቆም ሰው ቁመት መለኪያዬ ነበር። ፎቶ ሳነሳም ከግድግዳው አጠገብ ሰው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ ሰው የሌለበት የላሊበላ ፎቶ ውበት አለው፣ ልክ ግን የለውም።

ሌላው መቆጣጠሪያ ቁጥር ነው። መስቀል ስለሆነ ዐሥራ ሁለት የግድግዳ ፊት አለው። በላይኛው ረድፍ ለእያንዳንዱ ፊት አንድ አንድ፣ በድምሩ 12 መስኮት ይደርሰዋል። በታችኛው ረድፍ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ በኩል ሦስት በሮች፣ በቀሩት ፊቶች ላይ ደግሞ 9 መስኮቶች አሉ። በምሥራቅ በር የለም፤ መቅደሱ ያለው በዚያ ነው። ዘጠኙ የታች መስኮቶች አይከፈቱም፣ ብርሃንም አያስገቡም። ድንጋዩ ላይ የተቀረጹ የመስኮት ምስሎች ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የሥራው ትልቁ ትምህርት የመጣልኝ ከእነሱ ነው።

ብሎኩን ከጄሶ አፈሰስኩ። ጣውላ ገጥሜ ሣጥን ሠራሁና እንዳይጣበቅ ውስጡን በልብስ ሳሙና ቀባሁት። ለቀለሙ ሲሚንቶ ወለል የሚያቀሉበትን ቀይ ዱቄት ጥቂት ጨመርኩበት፤ ሲበዛ ጄሶውን ያደክመዋል። የጄሶ አበጠባበጥ ቀላል ቢመስልም ሕግ አለው። ዱቄቱ ወደ ውሃው ነው የሚገባው እንጂ ውሃው ወደ ዱቄቱ አይደለም። በእጅ እየበተኑ፣ ዱቄቱ ከውሃው በላይ ትንሽ ጉብታ እስኪያበጅ መጨመር፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይነኩት ማቆየት፣ ከዚያ ከሥር ቀስ አድርጎ ማማሰል። በችኮላ ከተማሰለ አየር ይይዛል፤ አየር የያዘበት ቦታ ደግሞ ልክ የመስኮት ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የተረፈውን ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፣ እዚያው ይደርቃል። ብሎኩ ከጠነከረ በኋላ እርጥበቱ ሳይለቀው መቅረጽ ይሻላል፤ እርጥብ ጄሶ እንደ አይብ ይቆረጣል፣ የደረቀ ግን ይፈረፈራል። ሥራ ባቆምኩ ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ለመሣሪያ ሁለት ቀጫጭን መሮዎች ገዛሁ፤ ለመስኮቶቹ የሚሆነውን ግን ሚስማር ቀጥቅጬና ስዬ፣ ለክቡ ደግሞ የጃንጥላ ዘንግ ቆርጬ እጀታ አበጅቼ ሠራሁት።

ከዚያ ትክክለኛው ሥራ መጣ። የብሎኩ የላይኛው ፊት መሬት ነው ብላችሁ አስቡ። መጀመሪያ የሚሠራው ጣሪያው ነው፤ መስቀሉ ላዩ ላይ ይነደፋል፣ ሦስቱ መስቀሎች ይወጣሉ፣ ውሃ የሚወርድባቸው መስመሮች ይስተካከላሉ። ጣሪያውን ለኋላ ልተወው ማለት አይቻልም። ዙሪያው ከተቆፈረ በኋላ እጅ የሚያሳርፉበት ቦታ የለም፤ መሐሉ ላይ ብቻውን የቆመ ነገር ሆኗል። በግንባታ ጣሪያ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ እዚህ የመጀመሪያው ነው።

ከጣሪያው ስትወርዱ ዋናው ጥያቄ ይጀምራል። ግድግዳው ልሙጥ አይደለም። በአግድም የሚዞሩ ጎላ ያሉ ቀበቶዎች አሉት፣ የበሮቹና የታች መስኮቶቹ ማዕዘኖች አፍጥጠው የወጡ ጉጦች አሏቸው፣ ከሁሉም በታች ሕንፃው የቆመው በሦስት ደረጃ እየሰፋ በሚሄድ መደብ ላይ ነው። የሚጨመር ነገር ስለሌለ፣ ጎልቶ የሚወጣው ሁሉ ገና ሳይደረስበት መትረፍ አለበት። ጣሪያው ላይ የመጀመሪያውን መሮ ስታሳርፉ፣ ከ12 ሴንቲ ሜትር በታች ያለው መደብ ምን ያህል እንደሚወጣ ማወቅ አለባችሁ። ግድግዳውን ቀጥ አድርጋችሁ ካወረዳችሁት መደቡ የለም፤ ያለቀለት ነው። ኮላ ባለበት ሥራ አንድ ጉጥ ቢረሳ ነገ ይለጠፋል። እዚህ ነገ የለም።

ይህን የፈታሁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአንዱን ግድግዳ ሙሉ ንድፍ በትክክለኛው መጠን ወረቀት ላይ ሥዬ ብሎኩ ጎን ለጠፍኩት፤ ዓይኔ ሁልጊዜ ታችኛውን እያየ እጄ ላይኛውን ይሠራል። ሁለተኛ፣ አንድ ቀጭን እንጨት ላይ እያንዳንዱ ቀበቶ፣ የመስኮት ጣራና የመስኮት ደፍ የሚገኝበትን ጥልቀት በቢላ አሰመርኩበት። ያን እንጨት ጉድጓዱ ውስጥ አቁሜ የት እንደደረስኩ አያለሁ፤ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ከመውረዴ በፊት ዐሥራ ሁለቱንም ፊቶች እኩል አደርሳለሁ። አንዱን ግድግዳ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ፈተና ነው፤ ያለቀ ነገር ማየት ደስ ይላል። ግን ዙሪያውን እኩል ካልወረዳችሁ ቀበቶዎቹ ማዕዘን ላይ አይገናኙም። የላሊበላ ጠራቢዎች በምን መለኪያ እንደተጠቀሙ አልናገርም፤ እጄ የነገረኝ ግን ሳይለካ ይህ ሥራ እንደማይሠራ ነው።

ፍርስራሹም ራሱን የቻለ አስተማሪ ነበር። እኔ ጉድጓዱ በሞላ ቁጥር ብሎኩን ገልብጬ አራግፈዋለሁ። እነሱ ይህ ዕድል አልነበራቸውም፤ እያንዳንዷ ፍንካች ድንጋይ በሰው ጉልበት መውጣት ነበረባት። ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የምንገባበት፣ አለቱን እየሰነጠቀ የሚወርደው ጠባብ መተላለፊያ በሞዴሉ ላይ ስቀርጸው ሌላ ነገር ሆኖ ታየኝ። ድንጋዩ የሚወጣበትና ሰው የሚወርድበት ይህን የመሰለ መንገድ ከሌለ ሥራው በራሱ ፍርስራሽ ይታፈናል። ለማስታወሻ የሚሸጡት ትንንሽ ቤተ ጊዮርጊሶች ብዙውን ጊዜ ሕንፃውን ብቻ እንደ ማማ ያቆሙታል። እኔ ጉድጓዱን የተወ ሞዴል ግማሹን ትቷል ባይ ነኝ። የተሠራው ሕንፃው ብቻ ሳይሆን ዙሪያው ያለው ባዶም ነውና።

አሁን ወደ መስኮቶቹ ልመለስ። በታች መስኮቶች ማዕዘን ላይ ያሉትን ጉጦች፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉትን፣ ስቀርጽ በጣም ነበር የሚያታክቱኝ፤ በዚያ መጠን ከሦስት ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን በእንጨት ሥራ የኖሩ ጋሼ የምንላቸው አናጢ አሉ። ያላለቀውን ሞዴል ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ዙሪያውን አገላብጠው አዩትና ጣታቸውን ጉጡ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ምን ይሸከማል?»

«ምንም አይሸከምም ጋሼ። ጌጥ ነው።»

«ጌጥ አይደለም። አንተ ልጅ፣ ይሄ እንጨት ነው እኮ።»

ከጥግ ሁለት የዋንዛ ቁራጭ አነሱ። አንዱን በሌላው ላይ አስተኝተው ሁለቱንም ገመስ አድርገው ጠረቡና አጋጠሟቸው። ጫፎቹ ከመገጣጠሚያው አልፈው ወጡ። ልቆርጠው ነው ስላቸው ሳቁ። ጥርቡ ከእንጨቱ ጫፍ አጠገብ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ትንሽ አሳልፎ መተው የአናጢ ግዴታ ነው። አራት እንጨት እንዲህ ሲጋጠም የመስኮት ፍሬም ይሆናል፣ አራት ጉጥም በአራቱ ማዕዘን ይወጣል። ከፊታችን ያለው የቤተ ጊዮርጊስ መስኮት ነበር።

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር በየቦታው ይታየኝ ጀመር። ደብረ ዳሞ ላይ በድንጋይና በእንጨት የተገነባው ቤተ ክርስቲያን ከግድግዳው የሚወጡ እውነተኛ የወራጅ ራሶች አሉት። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስም አንድ ድርብ እንጨት፣ አንድ ድርብ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ የተሠራ ነው። አክሱም ላይ የወደቀው፣ 33 ሜትር ገደማ የሚደርሰው ትልቁ ሐውልት ከአንድ ድንጋይ ወጥቶ የ13 ፎቅ ቤት መልክ ይዟል፤ መስኮቱ፣ የወራጅ ራሱ፣ ከሥሩ ያለው የማይከፈት በር ሁሉ ተቀርጾበታል። የላሊበላ ጠራቢዎች እንጨት በማያስፈልገው አለት ላይ የእንጨትን መገጣጠሚያ በታማኝነት አወጡ። ምክንያቱ ጠፍቶባቸው ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አይመስለኝም። ቤት ማለት ለእነሱ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ቤተ እግዚአብሔር ደግሞ ከቤት ሁሉ በላይ ቤት መምሰል አለበት። እኔ በጄሶ የምቀዳው እነሱ በድንጋይ የቀዱትን ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲያ ሦስት ሚሊ ሜትሮቹ አላታከቱኝም፤ እያንዳንዱን ጉጥ እንደ እንጨት ጫፍ አራት ማዕዘን አድርጌ፣ ጠርዙን ሳላለዝብ አወጣሁት።

ከተማው ራሱስ ቢሆን የሌላ ቦታ ቅጂ አይደል? ትውፊቱ ቅዱስ ላሊበላ ኢየሩሳሌምን በምድሩ ላይ ሊያኖር እንደሠራው ይናገራል። ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ አለ፣ ጎልጎታ አለ፣ የአዳም መቃብር አለ። በገና ዕለት ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲባል ካህናቱ ግማሾቹ ማሜ ጋራ በሚባለው የአለት ጠርዝ፣ ግማሾቹ ከታች ግቢው ውስጥ ቆመው ይቀባበላሉ፤ የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞቹ ምሳሌ ናቸው። የቤተ ልሔምን ሌሊት ነው በአለቱ ከፍታና ዝቅታ የሚያሳዩት። ይህን ሥርዓት በተከታተልኩ ጊዜ የጉድጓዱ ጠርዝ መቆሚያ እንደሆነ ገባኝ። በሞዴሌ ላይ ዙሪያውን ሰፊ ጠርዝ የተውኩት፣ ከላይም ከታችም ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ ሰዎችን ያቆምኩት ለዚህ ነው።

ውስጡን ከዚያው ብሎክ ለመፈልፈል አልሞከርኩም፤ በሁለት ሴንቲ ሜትር በር ገብቶ የሚሠራ መሮ የለኝም። በምትኩ ከዋንዛ ለሁለት የተከፈለ ሌላ ሞዴል ሠራሁ፤ ሲከፈት በምሥራቁ ክንድ ላይ ያለው ጉልላት፣ መሐሉም ያለ ዐምድ ክፍት መሆኑ ይታያል። ለማሳየት የሚመቸው ይሄኛው ነው፤ ልጆች ከፍተው ካዩ በኋላ ነው ወደ ጄሶው የሚሄዱት።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው ሙሉውን ሕንፃ አትያዙ ነው የምለው። አንድ የታች መስኮት ብቻ በ1፡20 ውሰዱ፤ የመዳፍ ስፋት ያለው የጄሶ ሰሌዳ ይበቃል። መጀመሪያ ያንኑ ፍሬም ከአራት ቀጫጭን እንጨት አጋጥሙት፣ ከዚያ እሱን እያያችሁ ጄሶው ላይ ቅረጹት። በዚህ ቅደም ተከተል የሠሩት ወጣቶች ጉጡን የት ማትረፍ እንዳለባቸው ማንም ሳይነግራቸው አውቀዋል። እኔ ደግሞ ይምርሐነ ክርስቶስን ጀምሬአለሁ። ያ የሚደራረብ እንጂ የሚፈለፈል ስላልሆነ መሮውን አስቀምጬ ወደ መጋዝ ተመልሻለሁ፤ ለእንጨቱ ድርብ ዋንዛ፣ ለነጩ ድርብ ያው ጄሶ፣ ከታች ወደ ላይ።