የፈረንሳይኛን ቃል በድምፁ መክፈል፦ ሳድስ የሚያሳስትበትና አጽንዖት የሚያርፍበት

ክፍለ ቃል (በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚሰማ የቃል ቁራጭ) ስለይ መጀመሪያ የማደርገው ጽሑፉን ትቶ የሚሰማውን አናባቢ መቁጠር ነው። የ«ቅዳሜ» ፈረንሳይኛ ሲጻፍ ሦስት አናባቢ አለው፤ በተለመደው ንግግር ግን መካከለኛው ይዋጥና «ሳም-ዲ» ሁለት ብቻ ይቀራል። በደቡብ ፈረንሳይ ሰው አፍ ግን ሦስቱም ሊሰማ ይችላል።

ከዚያ ተነባቢዎቹን አደላድላለሁ። በሁለት አናባቢ መካከል ያለ ብቸኛ ተነባቢ ወደ ኋለኛው ይሄዳል፦ «ፓ-ሪ»። ሁለት ሲሆኑ ይካፈላሉ፦ «ፓር-ቲር»፣ «ፓር-ሌ»። እንደ ብና ፍ ያለውን ድምፅ ል ወይም ር፣ ትን ወይም ድን ደግሞ ር ሲከተለው ግን አይነጣጠሉም፦ «ታ-ብሎ»፣ «አ-ድሬስ»።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ሳድሳችን አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። ሦስት ቁጥርን «ትሯ» ብለን ስናነብ በት እና በር መካከል ትንሽ «እ» ሾልካ ከገባች አንዱ ክፍለ ቃል ሁለት ሆነ። የፈረንሳይኛው ር ከጉሮሮ ስለሚወጣ፣ የምላስ ጫፍ ገና ት ላይ እያለ ጉሮሮን ቀድሞ ማዘጋጀት ይረዳል። በአንጻሩ ሯ፣ ሟ፣ ኗ ትልቅ ሀብታችን ናቸው፤ «ማድ-ሟ-ዜል» በፊደላችን ሦስት ሆኖ በትክክል ይጻፋል። ማጥበቅም መተው አለበት፤ «አሌ» (መሄድ) በሁለት ል ቢጻፍም ላልቶ ይነበባል። «ላ ጋር»ን (ባቡር ጣቢያው) «ለገሃር» ስናደርገው እንኳ ሁለቱን ክፍለ ቃል ሦስት አድርገነዋል።

የቃል ድንበር ክፍለ ቃልን አያግደውም። «ኢል አሪቭ» ሲነገር «ኢ-ላ-ሪቭ»፣ «አቬክ ኤል» ደግሞ «አ-ቬ-ኬል» ነው።

አጽንዖቱም የቃል ሳይሆን የሐረግ ነው። «ለ ካፌ» ሲባል «ፌ» ላይ ያርፋል፤ «ለ ካፌ ኗር» ሲባል «ፌ»ን ለቆ ወደ «ኗር» ይሻገራል። መጮህ አያስፈልግም፤ የመጨረሻውን ክፍለ ቃል ማስረዘም ነው ዋናው። እያንዳንዱን ቃል የሚጫን ሰው ንግግሩ ይቆራረጥበታል። ለዚህ የጠቀመኝ ልምምድ ከመጨረሻው መነሳት ነው፦ «ኗር»፣ «ፌ ኗር»፣ «ካፌ ኗር»፣ «ለ ካፌ ኗር»፤ በየዙሩ «ኗር» እኩል መርዘሙን ስልክ ላይ ቀድቶ መስማት።

መጨረሻ ላይ ያለች ደካማ «ኧ» አጽንዖት አትሸከምም። ትእዛዝ ላይ ግን ይለያል፦ «ዶን-ለ» (ስጠው) ሲባል አጽንዖቱ እዚያችው «ለ» ላይ ያርፋል።